ትልቁን ጭስ ማውጫ ስናማ ትንሿን እሳት ማን አያት?

ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ አገራችን ውስጥ የካፌ ወሬ ያደረገው የረጲ ጭስ ማውጫ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ አጠገብ የተሠራው፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ይበላል፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ነበር። ጥያቄውም ተከትሎ መጣ። «ቆሻሻ ሲቃጠል እኮ ዳይኦክሲን ይወጣል፤ እንዴት ከተማ መሀል እንዲህ ያለ ነገር ይተከላል?» ጥያቄው ያኔም ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ከጭስ ማውጫው ምን እንደሚወጣ ለጎረቤቶቹ በየጊዜው በቁጥር መናገር አለበት። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

የሚገርመኝ (እንደ ቀኑ ሁኔታም የሚያናድደኝ) ሌላ ነገር ነው። ስለ ረጲ ጭስ ማውጫ ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ የተከራከርን ሰዎች፣ ማታ ወደ ቤት ስንገባ የሰፈራችን ቦይ ጠርዝ ላይ ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ የተቀደደው ኮንጎ ጫማና የሕፃኑ ዳይፐር አንድ ላይ ተከምሮ ሲጨስ አፍንጫችንን በሁለት ጣት ይዘን እናልፋለን። ማን ለኮሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልሱ ይታወቃላ! ወይ እኛ ነን፣ ወይ ጎረቤታችን ነው፣ ወይ ደግሞ ጠዋት መንገዱን የጠረገው ሰው ነው።

በኔ እምነት ክርክሩ ያረፈው ከማይገባው ጭስ ማውጫ ሥር ነው። ማጣሪያ የተገጠመለት አንድ ረጅም ማማ ያስፈራናል፤ ማጣሪያ የሚባል ነገር የማያውቁት በየጓሮው ያሉ እልፍ እሳቶች ግን ለምደናቸዋል። ይሄን የምጽፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ርቄ፣ «አየሩ መድኃኒት ነው» ከሚባልለት ከይርጋጨፌ ነው። ለምን እዚህ ሆኜ ስለ ዳይኦክሲን እንደምጨነቅ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ መርዙን እንተዋወቀው።

ዳይኦክሲንን ለመሸጥ ብሎ የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ሌላ ነገር ሲቃጠል ወይም ሌላ ኬሚካል ሲሠራ ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው። ለመወለድ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ካርቦን ያለበት ተቃጣይ፣ ክሎሪን፣ ትንሽ ብረታ ብረት (መዳብ ከሆነ በጣም ይመቸዋል) እና ሰነፍ እሳት። ይቺ የመጨረሻዋ ዋናዋ ነች። ጭሱ ከ850 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሰከንድ ያህል ከቆየ ዳይኦክሲኑ ይፈራርሳል። ጭሱ ሲቀዘቅዝ ግን ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ባለው መሀል ቀስ እያለ ከተጓዘ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ደህና የሚባል የቆሻሻ ማቃጠያ እሳቱን ያበረታል፣ ጭሱን ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያም በከሰል ዱቄትና በጨርቅ ማጣሪያ ያሳልፈዋል። የአውሮፓ ኅብረት ለእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ ጭስ 0.1 ናኖግራም ነው። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። የዚያ አንድ አሥረኛ ማለት ነው እንግዲህ! ሰዎቹ ይሄን ያህል የተጨነቁት ለቀልድ አይደለም።

እስቲ አሁን የጓሯችንን እሳት በዚህ ሚዛን እንየው። ትናንት ስለዘነበ ክምሩ ረጥቧል። ከላዩ የድንች ልጣጭና የቡና አተላ ተደፍቶበታል። አየር አያገኝም። ነበልባሉ ለአፍታ ቦግ ይልና ይወርዳል፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨስ ያድራል። የሚነደው ሳይሆን የሚጨሰው ሰዓት ነው የሚበዛው። ዳይኦክሲን ራሱ ቤት ሥሩልኝ ቢል ከዚህ የተሻለ አይሠራለትም።

እዚህ ጋ ግን ለፌስታል ጠበቃ ልቁም። (አንድ ቀን ለፌስታል እከራከራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።) ስሱ ፌስታልም ሆነ የውሃው ሃይላንድ በራሳቸው ክሎሪን የለባቸውም። ሲቃጠሉ ሌላ ብዙ መጥፎ ነገር ያወጣሉ እንጂ ዳይኦክሲን ለመሥራት ክሎሪኑን የሚያመጣላቸው ሌላ ነው። ከምግብ ትርፍራፊው ጋር ያለው ጨው አንዱ ነው። ቀንደኛው ግን ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ሲሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው። ፒቪሲ የት አለ ካላችሁ በየቤታችሁ አለ። ኮንጎ ጫማው፣ የግድግዳው የውሃ ቱቦ፣ የጠረጴዛው አበባማ ላስቲክ፣ ቆዳ መስሎ የተሸጠልን ቦርሳ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ... በተለይ ገመዱ! ውጪው ፒቪሲ፣ ውስጡ መዳብ። ሁለቱን አብሮ ማቃጠል ማለት ክሎሪኑንና አፋጣኙን በአንድ ሰሃን ማቅረብ ነው። ልጆች መዳቡን ለቆራሌው ለመሸጥ ገመዱን አቃጥለው ሲልጡት ያላየ የከተማ ልጅ አለ? ጥፋቱን ልጆቹ ላይ ለመጣል አልቸኩልም። የገዢው ሚዛን የተቃጠለውንና በቢላ የተላጠውን መዳብ በአንድ ዋጋ እስከተቀበለ ድረስ ማን ነው ቁጭ ብሎ በቢላ ሲልጥ የሚውለው? ነጋዴው በኪሎ ጥቂት ብር ቢለይ በሺህ ስብከት የማይገኝ ለውጥ ይመጣ ነበር።

«ጉዳዩን አጋነንከው፤ የአንድ ቤት እሳት ከፋብሪካ ጋር ይወዳደራል እንዴ?» የሚለኝ ይኖራል። ይወዳደራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ተራ የቤት ቆሻሻ በበርሜል አቃጥለው ጭሱን ለኩ። ውጤቱ እነሱንም ሳያስደነግጣቸው አልቀረም። በቀን 200 ቶን ቆሻሻ የሚያቃጥልና ጥሩ ማጣሪያ ያለው አንድ የከተማ ጣቢያ የሚያወጣውን ያህል ዳይኦክሲን፣ ቆሻሻቸውን በርሜል ውስጥ የሚያቃጥሉ ቢበዛ 40 አባወራዎች ሊያወጡት ይችላሉ። አርባ አባወራ! ይሄ አንድ የዕድር ድንኳን ሥር የሚቀመጥ ሕዝብ ነው። አሜሪካኖቹ ትልልቆቹን ጭስ ማውጫዎች በሕግ ከገሩ በኋላ፣ ለ2000 (እ.ኤ.አ.) በሠሩት ቆጠራ የአገሪቱ ትልቁ የታወቀ የዳይኦክሲን ምንጭ ሆኖ የተገኘው ይኸው የጓሮ በርሜል ነው።

ወደ ቆሼ ልመለስ፤ ምክንያቱም ረጲን ስናማ የረሳነው ቆሼን ነው። ቆሼ ከጣቢያው በፊት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የአዲስ አበባን ቆሻሻ ያለምንም መለየት የተቀበለ ክምር ነው። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እዚያው ሥር ቤት የሠሩ ምስኪኖች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያን ጊዜ ሁላችንም ስለ መደርመሱ አወራን። ክምሩ ሲጨስ ስለኖረው ዓመታት ግን ብዙ አላወራንም። ከሥር ሚቴን እያመነጨ፣ እዚህም እዚያም ለብቻው እየተያያዘ የሚጨስ የቆሻሻ ተራራ ላይ ምንም ጭስ ማውጫ ስለማይታይ የሚፈራ ነገር ያለ አይመስልም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተከፈተው የሰንዳፋ ማስወገጃ ደግሞ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ተመልሶ ወደዚያው ወደ ቆሼ ሄደ። ገበሬዎቹ የከተማን ቆሻሻ ተቀበሉ ተብለው መብታቸው ሲረገጥ ዝም ማለት አልነበረባቸውም። የአዲስ አበባ ሰው ግን «አልፈልገውም» የሚለውን ነገር ማን ጓሮ እንደሚያስቀምጠው ያን ጊዜም አልተነጋገረበትም።

ስለዚህ ረጲን ስንመዝን ከንጹሕ አየር ጋር ማወዳደር አያዋጣም፤ ንጹሕ አየር ቀድሞም አልነበረምና። የሚወዳደረው ከሚጨሰው ክምር ጋር ነው። እንዲህ ስል ጣቢያውን ነጻ አወጣሁት ማለት እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ከተመረቀ ወዲህ ሥራው ሲቆራረጥ ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ ማቃጠያ ደግሞ ሲነሳና ሲቆም ነው እሳቱ የሚሰንፈው። ከዚህ በላይ ልጠይቀው የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ማጣሪያው የያዘው ዳይኦክሲን የትም አልጠፋም፤ ማጣሪያው ላይ የቀረው አመድ ውስጥ ነው ያለው። ያ አመድ የት ይሄዳል? ስለ ጭሱ የጮኽነውን ያህል ስለ አመዱ ብንጮህ ጥሩ ነበር።

አመድ ካልን ዘንዳ ወደ ጌዴኦ እንውረድ።

ለማታውቁት፣ የጌዴኦ ገበሬ እርሻና ደን ብሎ ለሁለት አይከፍልም። ከላይ ዋርካውና ዋንዛው፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጋር ቡናው፤ ሁሉም አንድ ማሳ ላይ ነው። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያደነቀው ይሄንኑ ነው። በአገራችን ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ ከሰፈረባቸው ገጠሮች አንዱ ይሄን ያህል ዘመን መሬቱን ሳያራቁት እንዴት ኖረ ብትሉ፣ ከመልሶቹ አንዱ ከቤት የሚወጣ ነገር ሁሉ ተመልሶ ጓሮ መግባቱ ነው። እበቱ ለእንሰቱ። ልጣጩ ለእንሰቱ። አመዱም ለእንሰቱ። አመድ ፖታሽ አለው፣ አሲዳማ አፈር ያለዝባል፤ ይሄን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም። ዕቃ መጠቅለያውም እዚያው ጓሮ ነበር፤ ኮባ። ቂጣው በኮባ ይጋገራል፣ ቆጮው በኮባ ተሸፍኖ ይብላላል፣ ቅቤውም በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል። አገልግሎቱን ሲጨርስ ይበሰብሳል ወይ ከብት ይበላዋል። «ባዮ ምናምን» የሚባለውን ከረጢት ፈረንጅ በስንት ምርምር ያገኘው ጌዴኦ ጓሮ ውስጥ በቅሎ ነበር ማለት ነው።

አሁንም ኮባው አለ። ግን ገበያ ውስጥ ፌስታሉ ቀድሞታል፤ ይቀላል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ «ዘመናዊ» ነው። ከፌስታሉ ጋር ደግሞ የፕላስቲኩ ጫማ፣ የቡና ችግኙ ላስቲክ፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ የባትሪ ድንጋዩ ገባ። ልማዱ ግን አልተለወጠም። ከቤት የወጣው ይጠረጋል፣ ይቃጠላል፣ አመዱ ለእንሰቱ ይሰጣል። ለአባትና ለአያት ጥበብ የነበረው ነገር በልጅ ዘመን ለምን መርዝ ይሆናል? ያው አመድ፣ ያው እጅ፣ ያው ጓሮ ነው፤ የተለወጠው የሚቃጠለው ነገር ብቻ ነው። ደግሞ እኮ ማንም ሰው መጥቶ «አመዱ እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ ለእናቶቻችን አልነገራቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ሽንት ቤትና ስለ እጅ መታጠብ ብዙ ደክማለች፣ እድሜ ይስጣት። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቆሻሻችሁን አቃጥሉ የሚለው ምክር ግን ፕላስቲክ ባልበዛበት ዘመን የተጻፈ ምክር ነው።

እዚህ ላይ ነው «የአየር ብክለት» የሚለው ስያሜ የሚያሳስተን። ዳይኦክሲን በጭስ ይወጣል እንጂ ወደ ሰው የሚገባው በዋናነት በአፍንጫ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ዳይኦክሲንን ከ90 በመቶ በላይ የሚያገኘው ከምግብ ነው፤ በተለይ ከእንስሳት ተዋጽኦ። ጭሱና አመዱ አፈሩ ላይና ሣሩ ላይ ያርፋል። ዶሮ አመድና አፈር ስትጭር ትውላለች፤ ላም ሣሩን ትግጣለች። መርዙ በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል፤ ስለዚህ እንቁላሉ አስኳል፣ ወተቱ፣ ቅቤው ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ ብቻ እስኪወገድ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ከዳይኦክሲን ቤተሰብ ክፉውን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ሰውን በእርግጥ ካንሰር ከሚያስይዙት ተርታ መድቦታል። የሆርሞን ሥርዓትን ያዛባል፣ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ማሕፀን ውስጥ ያለውን ልጅ ነው። ይርጋጨፌ ስሟ ላይ ያለው «ጨፌ» ረግረጉ የግጦሽ መስክ ነው። ዝናብ ደግሞ እዚህ አገር አይሰንፍም፤ ከላይ የተቃጠለውን አጥቦ ታች መስኩ ላይ ያሳርፈዋል።

ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ያንድ ቀን ጭስ ያሸተተ ሰው ነገ አይታመምም፤ የአንድ ጓሮ እንቁላልም መርዝ ነው አላልኩም። ግን ጎረቤት አገር የታየውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ናይሮቢ ዳንዶራ ከሚባለው የቆሻሻ ክምር አጠገብ የተለቀመ የጓሮ ዶሮ እንቁላል ሲመረመር ዳይኦክሲኑ የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አክራ ውስጥ አግቦግብሎሺ ከሚባለው፣ ወጣቶች የኤሌክትሪክ ገመድ እያቃጠሉ መዳብ ይለቅሙበት ከነበረው ቦታ የተገኘን አንድ እንቁላል የበላ ሰው፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአንድ ቀን ከሚፈቅደው 220 እጥፍ ይወስዳል ተባለ። ገመድና መዳብ አላልኳችሁም?

«ቡናውስ?» ትሉ ይሆናል፤ እዚህ አገር ወሬ ሁሉ ቡና ጋ መድረሱ አይቀርም። ለቡናው ፍሬ ብዙም አልፈራም። ፍሬው በገለፈት ተሸፍኖ ነው የሚያድገው፤ ዳይኦክሲን ከሥር ወደ ላይ እንደ ልቡ የሚወጣባቸው ተክሎችም ጥቂት ናቸው። የምፈራው ለቡናው ስም ነው። ስም ከመርዝ በፊት ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን የኢትዮጵያን ቡና አልቀበልም አለች፤ ፍሬው ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ስለተገኘ። ሲጣራ ነገሩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ሳይሆን ቡናው ከተከተተበት ጆንያ ነበር። ገበሬው ያላየው፣ ያልነካው ጆንያ የደከመበትን ቡና ወደብ ላይ አስቆመው።

እዚያው ጃፓን ውስጥ ደግሞ በዳይኦክሲን የተነሳ የደረሰ ነገር አለ። ከቶኪዮ ወጣ ብላ የምትገኝ ቶኮሮዛዋ የምትባል ከተማ ዙሪያዋን በቆሻሻ ማቃጠያዎች ተከባ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከዚያ አካባቢ ቅጠላ ቅጠል ዳይኦክሲን ተገኘ ብሎ ዘገበ። በማግስቱ ሱቆች የአካባቢውን ስፒናች ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ዋጋው ወደቀ። ቆይቶ ሲጣራ ያ ትልቁ ቁጥር የስፒናች ሳይሆን የደረቀ የሻይ ቅጠል ቁጥር ነበር። ገበሬዎቹ ጣቢያውን ከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኋላ በስምምነት አለቀ። የሚያስቀናኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያደረጉት ነው። እዚያው ዓመት የዳይኦክሲን ሕግ አወጡ። ከዚያ ቀደም ብሎም ትምህርት ቤቶች በየግቢያቸው የነበሩትን ትንንሽ ማቃጠያዎች እንዲተዉ ተነግሯቸው ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ ልቀት ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ትልልቆቹን አደሱ፤ ትንንሾቹን ዘጉ። ትንንሾቹን!

የኛ ትንንሾች ምን ምን ናቸው? የጓሮው እሳት አንድ። ከሰል ለማቀጣጠል ብለን የምንከትባት ፌስታልና የላስቲክ ቁራጭ ሁለት፤ ይሄ ደግሞ በቀጥታ የቡና ረከቦቱ አጠገብ ነው፣ ሕፃን ልጅ ቁጭ ብሎ በሚያይበት። ሦስተኛውን ሰው አያነሳውም፤ የጤና ተቋማት ማቃጠያ። በአገራችን ብዙ ጤና ጣቢያዎች መርፌውን፣ ጓንቱን፣ የደምና የግሉኮስ ከረጢቱን የሚያቃጥሉት በጡብ በተሠራች፣ አጭር ጭስ ማውጫ ባላት ምድጃ ነው። ብዙ የሕክምና ከረጢትና ቱቦ ፒቪሲ ነው። ምድጃዋ በማገዶ ተለኩሳ ያንን 850 ዲግሪ ይዛ መቆየት አይሆንላትም። የጤና ባለሙያዎቹ ምን ያድርጉ? መርፌ ሜዳ ላይ አይጥሉ! ግን በእንፋሎት አምክኖ ማስወገድ የሚባል ነገር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከማቃጠል የተሻለ አማራጭ ብሎ ይመክረዋል። አዲስ ጤና ጣቢያ ሲገነባ ከሪባኑ መቁረጫ መቀስ ጋር ይሄም ቢታሰብ አይከፋም።

ሕግ ጎድሎን አይደለም። ኢትዮጵያ ዳይኦክሲንን ጨምሮ ለረጅም ጊዜ የማይጠፉ ኬሚካሎችን የሚመለከተውን የስቶክሆልም ስምምነት ያጸደቀችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ስሱን ፌስታል ያኔውኑ ከልክሏል። አዎ፣ ያኔ! ስንቶቻችን ነን ያወቅነው? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። ይሄኛው ቅጣቱ ጠንከር ያለ ስለሆነ ወሬው ደርሶናል። ደግ ነው። ነገር ግን አዋጁ ያዡንም ይቀጣል፤ ጓሮ ውስጥ የተጠራቀመውንና ነገም የሚመጣውን ኮንጎ ጫማ፣ ገመድ፣ ቱቦ ማን ይውሰደው? ለዚህ መልስ ሳይሰጡ «አታቃጥሉ» ማለት በሴትዮዋ ላይ ማላገጥ ነው። መኪና አይመጣላትም፣ ገንዳ የላትም፣ ቆሻሻው ጉንዳንና አይጥ ይጠራባታል። ባታቃጥለው ወንዝ ትከተዋለች፤ ወንዙን ደግሞ ከታች ያለ ሰው ይጠጣዋል።

በዚህ በኩል ጌዴኦ ከአዲስ አበባ የተሻለ እድል አለው ብዬ አምናለሁ፤ ማዘጋጃ ቤቶቹ ይሄን ቢያስተውሉልኝ ደስ ይለኛል። ከየቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ የሚበዛው ልጣጭ፣ ቅጠልና ትርፍራፊ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ሁሉ መኪና ይፈልጋል። ዲላና ይርጋጨፌ ላይ ግን ከጀርባው እንሰት ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ ልጣጩ መኪና ሳይጠብቅ ጓሮ ይገባል፤ ገብቶም ኖሯል። የሚቀረው ያ ደረቁ ብቻ ነው። ደረቁ ደግሞ አይሸትም፣ አይበሰብስም፣ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ጆንያ ውስጥ መቆየት ይችላል። ስለዚህ ከተማው በየቀኑ የሚዞር የመኪና ሰልፍ አያስፈልገውም፤ በሁለት ሳምንት አንዴ በየሰፈሩ የምታልፍ አንዲት መኪና፣ ካልሆነም ጋሪ ትበቃዋለች። ጫማውና ገመዱ ብቻ እንኳ ከእሳት ቢወጣ ዋናው ክሎሪን ወጣ ማለት ነው። አመዱም ተመልሶ የእንጨት አመድ ይሆናል፤ እንሰቱም የድሮ ምግቡን ያገኛል።

መለካቱስ? ዳይኦክሲን መመርመር ውድ ነው። ለብዙ ብክለት የሚያገለግለው ተራ መሣሪያ አይበቃውም፤ ናሙናው ውጪ አገር መላኩ አይቀርም። ጥሩነቱ ግን አየር በቱቦ እየሳቡ ወራት መቆየት አያስፈልግም፤ ዶሮዋ ናሙናውን ሰብስባ ትጠብቀናለች። በዓለም ዙሪያ የጓሮ ዶሮ እንቁላል የአፈር ዳይኦክሲን መጠቆሚያ ሆኖ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን የሚሉ የኬሚስትሪና የጤና ተማሪዎችም ሞልተዋል። ከዲላና ከይርጋጨፌ ቆሻሻ ከሚቃጠልባቸው ሰፈሮች አሥር አሥር እንቁላል፣ ወጣ ብሎ ፌስታል ብዙም ካልደረሰበት ቀበሌ ሌላ አሥር፤ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተማክሮ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ ዶሮዋ የት እንደምትጭር ጽፎ መያዝ ነው። መንገድ ላይ እንዳይሰበር ተቀቅሎ ሊላክ ይችላል። ዳይኦክሲን እንደሆነ በመቀቀል አይጠፋም።